ታካሚው እንዲያምናችሁ፦ ለሥነ አእምሮ ክፍል ነርሶች የአሠራር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ አዲስ የተመደቡ ነርሶችና ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል በገቡ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ታካሚው አያናግረኝም፤ ምን ላድርግ?» አንዳንዶቹ ደግሞ በተቃራኒው ደስ ብሏቸው ይጠይቁኛል፦ «ታካሚዬ ከእኔ እጅ ካልሆነ መድኃኒት አልወስድም አለ፤ ጥሩ ነው አይደል?» አይደለም። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ ተመሳሳይ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ።

በሌላ ክፍል ቁስሉ ይታያል፣ ትኩሳቱ ይለካል። እዚህ ግን በጆሮው የሚሰማው ድምፅ ምን እንደሚያዘው፣ ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ እንደሚተፋው፣ ሌሊት ራሱን ለማጥፋት ሲያሰላስል እንዳደረ የሚያውቀው ታካሚው ብቻ ነው። ካላመናችሁ አይነግራችሁም። እምነቱ ደግሞ የሚመጣው በጣፋጭ አንደበት ሳይሆን «እመጣለሁ» ባላችሁበት ሰዓት ስትመጡ፣ «አልናገርም» ያላችሁትን ሳትናገሩ ስትቀሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ የሚያገለግል ነው። ምርመራንና መድኃኒት ማዘዝን አይመለከትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ወንበር። ቆሞ የሚያናግር ሰው ሊሄድ የቸኮለ ይመስላል። አልጋው ላይ አትቀመጡ፤ ዋርድ ውስጥ የታካሚው የራሱ የሆነ ቦታ ያ ብቻ ነው።
- የእጅ ሰዓት። ሰዓት ለማየት ስልክ ካወጣችሁ ታካሚው መልእክት የምታነቡ ወይም የምትቀርጹት ይመስለዋል። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ደግሞ በዚያው ይዘጋል።
- ስማችሁ በአማርኛ በጉልህ የተጻፈበት ባጅ።
- የኪስ ደብተርና እስክሪብቶ። በደብተሩ ላይ የምትጽፉት የገባችሁትን ቃል ነው፤ የታካሚው ታሪክ የሚጻፈው ካርዱ ላይ ነው።
- የመጠጥ ውሃና የፕላስቲክ ኩባያ። ብዙዎቹ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ።
- አብራችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር፦ ዳማ፣ ገበጣ፣ የሚታጠፍ አንሶላ።
- የት እንደምትቀመጡና መቼ እንደምትጨርሱ የሚያውቅ ተረኛ ባልደረባ።

1. ከመግባታችሁ በፊት ካርዱን አንብቡ

አራት ነገር ፈልጉ፦ ከዚህ በፊት ራሱን ወይም ሌላ ሰው ጎድቶ ያውቅ እንደሆነ፣ የመጨረሻው መድኃኒት ምንና መቼ እንደተሰጠው፣ ሌላ የሰውነት ሕመም እንዳለበት፣ ማን እንዴት አድርጎ እንዳመጣው። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። በገመድ ታስሮ ከመጣ ግን ከእናንተ ጋር የሚጀምረው ከዜሮ በታች ነው፤ «ያሰሩኝ ሰዎች ያመጡኝ ቦታ» ብሎ ነው የሚያያችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ ሥራ የተመለሰ ወጣት ድንገት መቀባጠር ቢጀምር፣ ቀንና ቦታ ቢጠፋበት፣ አንድ ጊዜ ነቅቶ አንድ ጊዜ ቢፈዝ፣ ሁሉንም ትታችሁ ትኩሳቱን ለኩ፤ ለወባ ምርመራና ለሐኪም አሳውቁ። የጭንቅላት ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የስኳር መውረድ፣ መጠጥ በድንገት ማቆም፣ ሁሉም የአእምሮ ሕመም መስለው ሊመጡ ይችላሉ። የሚሞትን ሰው በለሰለሰ ድምፅ ማነጋገር አያድነውም።

2. በሰላምታና በማዕረግ ጀምሩ

ዕድሜን አይታችሁ «አንቱ» በሉ። ቄስ ከሆኑ «አባ»፣ መሪጌታ ከሆኑ «መሪጌታ»፣ ሐጂ ከሆኑ «ሐጂ»። ምን ተብለው መጠራት እንደሚወዱ መጠየቅም ነውር የለውም። ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። በቀያቸው እርቅ የሚቀመጡ፣ ሲገቡ ሰው የሚነሣላቸው ሽማግሌ የታመሙ ዕለት «አንቱ»ታቸው ይወሰዳል። ልጆቻቸው፣ ጎረቤት፣ ያመጣቸው ሾፌር፣ ሁሉም «አንተ ተቀመጥ!» ይላቸዋል። ሕመሙ ከወሰደባቸው ነገር ሁሉ እናንተ በአንድ ቀን ልትመልሱላቸው የምትችሉት ይህን ነው።

ከበለሳ የመጡ አንድ አዛውንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ለማንም መልስ አልሰጥ ብለው ነበር። አንዲት ተማሪ ጠዋት ገብታ «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ጋቢዎ ወድቋል፤ ላንሣልዎት?» አለቻቸው። አነሣችና አራገፈችው፤ ትከሻቸው ላይ ግን ሳትጥል ጎናቸው አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው አንሥተው ለበሱት፤ ከዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ልብ በሉ፣ አስፈቅዳለች፤ ሰውነታቸውን አልነካችም፤ መልበሱን ለእሳቸው ትታዋለች።

ስማችሁንና ሥራችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «እኔ ነርስ ነኝ፤ ስሜ እገሌ ነው፤ ዛሬ እስከ ማታ 12 ሰዓት ያለሁት እኔ ነኝ።» ታካሚዎች ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላሉ። ዝም ብላችሁ አትቀበሉት፤ ነርስ መሆናችሁን ንገሯቸው። በኋላ ከሌላ ሰው ከሰሙት እንደ ውሸት ይቆጠርባችኋል።

የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። «እንዴት አደርክ?» ስትሉት «እግዜር ይመስገን» ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛም ቢያድር ይላል። ይህ የአክብሮት መልስ ነው፤ የጤናውን ሁኔታ አይነግራችሁም። ካርዱ ላይ «ደህና ነኝ ብሏል» ብላችሁ አትጻፉት። ሰላምታው ሲያልቅ ትንሽ ቆም በሉና የሚቆጠር ነገር ጠይቁ፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃህ?»፣ «ጠዋት የቀረበልህን ጨረስከው?»፣ «ከነቃህ በኋላ ምን ስታደርግ ቆየህ?»

3. አቀማመጣችሁን አስተካክሉ

ወንበሩን ፊት ለፊት አታጋጥሙ፤ በትንሹ ወደ ጎን አዙሩት። ዓይኑን ማሳረፊያ ይኖረዋል። በመካከላችሁ ሁለት ክንድ ያህል ተዉ፤ ለተቆጣ ወይም ለሚጠራጠር ሰው ከዚያም አስፉት። በሩ ለሁለታችሁም ክፍት ይሁን፦ እናንተ መውጫ እንዲኖራችሁ፣ እሱም እንደተከበበ እንዳይሰማው። ከኋላው አትምጡ፤ ከሩቅ ስሙን ጥሩት።

4. ውላችሁን በግልጽ ተናገሩ

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ያውቅ፦ ለምን እንደምትገናኙ፣ መቼና ለስንት ደቂቃ እንደምትገናኙ፣ የነገራችሁ ነገር የት እንደሚደርስ። ምሳሌው ይኸውና፦

«በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መጥቼ ለ15 ደቂቃ እንቀመጣለን። ስለሚያስቸግርህ ነገር እንነጋገራለን። የምትነግረኝን የሚያክሙህ ሰዎች ያውቁታል። ለቤተሰብህ ያለ ፈቃድህ አልናገርም። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ነው ብዬ ከሠጋሁ ግን ዝም አልልም።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለአዲስ ነርስ ይከብዳል፤ ታካሚውን የሚያሸሽ ይመስላል። ያለ እሱ ግን «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ምስጢር ትቀበሉና ምስጢሩ የሞት ሐሳብ ይሆናል። ያኔ ወይ ቃላችሁን ታፈርሳላችሁ፣ ወይ ሰው ታጣላችሁ።

15 ደቂቃ ካላችሁ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ዋርዱ ተጨናንቆ አምስት ብቻ ካላችሁ «ዛሬ አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ» በሉና አምስቱን ሙሉ ስጡት። ልትቀሩ ከሆነ ሰው ልካችሁም ቢሆን አሳውቁት፤ የሕመም ፈቃድ ብትወጡ እንኳ ተረኛው ይንገረው። ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን በሕመማቸው ምክንያት «እንመጣለን» ተብለው የተተዉ ናቸው፤ አንድ መቅረት ያንን ሁሉ ይቀሰቅሰዋል። ደብተሩ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ «ሳሙና አመጣልሃለሁ» ያላችሁት ሳይቀር ይጻፍ።

5. አስታማሚውን አትዝለሉ፣ አታስቀድሙትም

እዚህ ታካሚ ብቻውን አይመጣም። እናት፣ ወንድም ወይም አጎት አጠገቡ አለ፤ ጥያቄ ለታካሚው ስታቀርቡ መልሱ ከአጠገቡ ይመጣል። አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ለሁለቱም ሰላምታ ስጡ። ከዚያ ታካሚው ፊት፣ «መጀመሪያ ከእሱ ጋር ብቻችንን እንነጋገራለን፤ ቀጥሎ እርስዎን እሰማለሁ፤ የሚያውቁት ነገር ያስፈልገናል» በሉ። ታካሚውን አስቀድማችሁ ስሙት። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ከቤተሰቡ ጋር ተመካክራችሁ የመጣችሁ ይመስለዋል።

አስታማሚውን ስትሰሙም በቂ ጊዜ ስጡት። ከደባርቅ ወይም ከቋራ ከብት ሸጦ የመጣ፣ መሬት ላይ የሚያድር ሰው ነው። እሱ ተስፋ ከቆረጠ ታካሚው ክትትል አይኖረውም። ሰው አስሮ ያመጣውንም አትገሥጹት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሰረው በፍርሃት ነው። ገመዱ በማን ፈቃድ፣ መቼ፣ በስንት ሰው ፊት እንደሚፈታ ከተረኛው ሐኪም ጋር ተስማሙ። ስትፈቱም ለታካሚው እየነገራችሁ ፍቱ፦ «አሁን ቀኝ እጅህን ልፈታ ነው።» የተላጠ ቆዳ ካለ ወዲያው እጠቡት፤ ቅባት ቀቡት። ብዙዎች ከዳኑ በኋላ የሚያስታውሱት ይህችን ቅጽበት ነው።

6. አዳምጡ፤ «አይዞህ»ን አዘግዩት

ሰው ሲያዝን «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ማለት አፋችን ላይ ነው። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ ነው የሚበላሸው። ታካሚው ገና «ሕይወቴ…» ብሎ ሲጀምር «አይዞህ» ካላችሁት ጨዋታው አለቀ፤ እሱም «አሜን» ብሎ ዝም ይላል። መጀመሪያ ይጨርስ። ከዚያ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት፦ «እርሻውን ወንድምህ ከያዘው ወዲህ ቤት መግባት አልፈለግክም ማለት ነው?» ትክክል ከሆነ ይቀጥላል፤ ካልሆነ ያርማችኋል። ሁለቱም ይጠቅማችኋል። «አይዞህ» ከዚህ በኋላ ሲመጣ ክብደት ይኖረዋል።

«ለምን» የሚለውን ቀንሱ። «ለምን መድኃኒቱን አቆምክ?» ፍርድ ቤት ይመስላል፤ ሰው ምክንያት መፍጠር ይጀምራል። «መድኃኒቱን ያቆምክ ሰሞን ምን ሆኖ ነበር?» ብትሉት ይተርካል።

ሐዘንን በስሙ የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። «ራሴን ያነደኛል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሆድ ይብሰኛል» ይላችኋል። ወዲያው «ይህ ድብርት ነው» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ በራሱ ቃል ተከተሉት፦ «የሚያነድህ መቼ መቼ ነው? ሲያነድህ ምን ታስባለህ?» አካላዊ ምርመራውም አይቅር፤ የአእምሮ ታካሚ ስለሆነ ብቻ የደም ማነሱ ወይም የጨጓራ ቁስለቱ ችላ መባል የለበትም።

ዝምታ ሲመጣ አትሙሉት። ጥቂት ተንፍሱና ጠብቁ። ለእናንተ ረጅም የመሰለው ዝምታ ቃል ለሚፈልግ ሰው አጭር ነው፤ ድብርትም ሆነ መድኃኒቱ አስተሳሰብን ሊያዘገይ ይችላል።

7. ሌላው የማይሰማው ነገር ሲሰማው

«ጎረቤቶቼ በግድግዳው ውስጥ ይሰድቡኛል» ሲላችሁ ሁለት የተሳሳተ መንገድ አለ። አንዱ «ውሸት ነው፣ ማንም የለም» ማለት ነው፤ ይህ ለእሱ ስድብ ነው፤ ከጠላቶቹ ጋር ይቆጥራችኋል። ሌላው «አዎ ይሰማኛል፣ እናባርራቸዋለን» ማለት ነው፤ ዛሬ ያረጋጋዋል፣ ነገ ፍርሃቱን እውነት ያደርገዋል። መካከለኛው መንገድ ይኸውና፦

«እኔ ድምፁ አይሰማኝም። አንተ ግን እንደሚሰማህ፣ እንደሚያስፈራህም አያለሁ። ሲመጣ ምን ይልሃል?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትተዋት። ድምፁ «ግደል» ወይም «ሙት» እያለ የሚያዝ ከሆነ ያው ሰዓት ለሐኪምና ለተረኞች ይነገራል። ቀጥላችሁ «ሲመጣ ምን ስታደርግ ይቀልልሃል?» በሉት። አንዱ ይዘምራል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ከሰው ጋር ሲሆን ይቀንስለታል። ያገኛችሁትን ካርዱ ላይ ጻፉ፤ የሌሊት ተረኛው ይጠቀምበታል።

ሕመሙ ከዛር፣ ከቡዳ ወይም ከመንፈስ መጣ ቢላችሁ አትከራከሩ፣ አትሣቁም። «አንተ እንዲህ ታምናለህ፤ እንቅልፍህን የነሣህንና ያስጨነቀህን ነገር ደግሞ እኛ በሕክምና እናግዝሃለን» በቂ ነው።

8. ስለ ሞት በቀጥታ ጠይቁ

መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብዙዎች የሚጠይቃቸው አጥተው ነው የሚሸሽጉት፤ ነውርም ኃጢአትም ነውና። በዚያው መንገድ ግቡበት፦ «እንዲህ ሲጨንቅ ሞትን የሚመኝ ሰው አለ። አንተስ ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ በእርጋታ ቀጥሉ፦ በምን? መቼ? ያዘጋጀው ነገር አለ? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል?

ዕቅድ ካለው ብቻውን አትተዉት። ለሐኪም የሚነግር ሌላ ሰው ላኩ፤ እናንተ ተቀመጡ። ቀበቶ፣ ገመድ፣ ስለት፣ የተጠራቀመ ክኒን ከአጠገቡ ይነሣ፤ ለምን እንደሚነሣም ንገሩት። ቤተሰቡ ደግሞ ከመውጫ ቀን በፊት ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፦ ጠመንጃውን ከቤት አውጥቶ ለዘመድ መስጠት፣ የፀረ ተባይ መርዙን ማስወገድ ወይም ቆልፎ ማስቀመጥ። በገጠሩ ሁለቱም በብዙ ቤት ይገኛሉ፤ የሞት ሐሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ ስለሆነ በዚያ ሰዓት እጅ የማይደርስበት ነገር ሰው ያድናል።

9. መድኃኒቱን በእውነት ስጡ

የምትሰጡትን ስሙን ተናገሩ፤ ማሸጊያውን አሳዩት። ሻይ ወይም ወጥ ውስጥ ደብቃችሁ አትስጡ፤ ቤተሰብ «እንደብቅለት» ቢልም እምቢ በሉ። አንድ ቀን ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ምግቡንም ይተዋል።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ከመድረሱ በፊት ንገሩት። ሃሎፔሪዶል (ድምፅንና ጥርጣሬን የሚቀንስ መድኃኒት) የጀመረ ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋው ሊቆለፍ ይችላል። ሳይነገረው ከደረሰበት «መረዙኝ» ይላል፤ እንዲያ ቢያስብም አይፈረድበትም። ነግራችሁት ከሆነ ግን ሮጦ ይጠራችኋል። ወዲያው ለሐኪም አሳውቁ፤ እንደ ትራይሄክሲፌኒዲል ያለ ማርከሻ አለው። ጉሮሮው ተይዞ መተንፈስ ካቃተው ድንገተኛ ነው። መቀመጥ አቅቶት የሚንቆራጠጠውንም ልብ በሉት፤ ሕመሙ የተባባሰ መስሎ መድኃኒት የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ገበሬ ደግሞ ሁለት ነገር ይወቅ፦ ከአልጋው ቀስ ብሎ ይነሣ፣ ፀሐይ ቆዳውን በቀላሉ ስለሚያቃጥለው ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ይልበስ።

መድኃኒቱ በአንድ ሌሊት እንደማያድነውም ንገሩት። እንቅልፉ ቶሎ ሊስተካከል ይችላል፤ ድምፁና ጥርጣሬው እስኪቀንስ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ የድብርት መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ይህን ያልሰማ ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል።

ፀበልን በተመለከተ በግልጽ እናውራ። ከምታገኟቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ከፀበል የመጡ ወይም ወደዚያው የሚሄዱ ናቸው። «ወይ ፀበል ወይ መድኃኒት» ካላችሁ ፀበሉን ይመርጣል፤ ለእናንተም አይነግራችሁም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ «ፀበል ትሄዳለህ? እዚያ ሳለህ ምን ትበላለህ? መድኃኒቱንስ?» ከዚያ አብራችሁ ሰዓት አውጡ። ጠዋት ጾም ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ መድኃኒቱ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። በዓቢይ ጾምም በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ቤተሰቡ ፈቃደኛ ከሆነ አጥማቂው ካህን «መድኃኒትህንም ውሰድ» ቢለው የእሳቸው አንድ ቃል ከእኛ ብዙ ምክር ይበልጣል።

10. ድንበራችሁን ጠብቁ

«አግብተሻል?»፣ «ቤትህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ እዚህ አገር ነውር አይደለም፤ ታካሚው ወግ ይዞ ነው። አትቆጡ። አጭር መልስ ስጡና ወደ እሱ መልሱት፦ «አዎ፣ ባለትዳር ነኝ። ዛሬ የተቀመጥነው ግን ለአንተ ነው፤ ትናንት ስለ እናትህ ጀምረህ ነበር።» ገንዘብ አታበድሩ፣ አትበደሩ። የግል ስልካችሁን አትስጡ፤ የክፍሉን ስልክ ስጡ። አስታማሚዎች አብረዋችሁ ቡና ጠጡ ቢሏችሁ ሰው ሁሉ ባለበት አንድ ስኒ መቅመስ ግንኙነቱን አያበላሽም፤ የክርስትና እናት ሁኚልን፣ ሰንበቴ ግባልን የሚለውን ግን በምስጋና መልሱ። ዘመድ ከሆናችሁ በኋላ ነርስ መሆን ያቅታችኋል።

ጎንደር ሰፊ ከተማ አይደለችም። ፒያሳ፣ አራዳ ገበያ ወይም ማራኪ መንገድ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም። አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ «መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ካልከኝ ሰላም እልሃለሁ፤ ካላልከኝ እንዳላወቀ አልፋለሁ። አልተቀየምኩህም።» አብሮት ያለው ሰው «ይቺን ከየት ታውቃታለህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል፤ ምርጫው የእሱ ይሁን።

ስለ «ከአንቺ በቀር ከማንም አልወስድም» አሁን ላንሣ። ይህ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። እናንተ ዕረፍት በወጣችሁበት ቀን ሰውዬው ያለ መድኃኒት ይውላል። ሌላ ነርስ ይዛችሁ ገብታችሁ አስተዋውቁ፤ አንድ ቀን እናንተ ባላችሁበት እሷ ትስጥ፤ ከዚያ ብቻዋን።

11. ርክክብና ስንብት

ርክክቡን አልጋው አጠገብ ቆማችሁ በእንግሊዝኛ አታድርጉት። ስሙን ይሰማል፤ ሣቅ ከሰማ ስለ እሱ ነው። ለተረኛው የምታስተላልፉት ምን እንዳለ፣ ምን ቃል እንደገባችሁለት፣ ምን እንደሚያረጋጋው ነው።

ስንብቱ የሚጀምረው በመውጫው ቀን አይደለም። እንደገባ «ሲሻልህ ትወጣለህ፤ የእኔም ሥራ ያኔ ያበቃል» በሉት። ቀኑ ሲቀርብ ደጋግሙት። አንዳንዱ ሊወጣ ሲል ይቆጣል፣ ወይም «አመመኝ» ይላል። ይህ መለያየት የከበደው ሰው ነው፤ እንደዚያው አናግሩት። ማንበብ ለሚችል ሰው በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፉለት፦ የመድኃኒቱ ስምና ሰዓት፣ የቀጠሮ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሕመሙ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት ሦስት ምልክቶች (እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ እንደየሰዉ)፣ ያኔ ወዴት እንደሚሄድ። ማንበብ ካልቻለ ፀሐይና ጨረቃ ሣሉበት።

ማስጠንቀቂያ

- ጡጫ የጨበጠ፣ የሚንጎራደድ፣ ድምፁ እየጨመረ የሚሄድ ሰው ጋር ብቻችሁን አትዘጉ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ አጭር ቃል ተጠቀሙ፣ ሁለት ምርጫ ስጡት፦ «እዚህ ትቀመጣለህ ወይስ ውጭ እንውጣ?»
- ማሰር ወይም በግድ መርፌ መስጠት የመጨረሻው ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ትንፋሹና የእጅ እግሩ ደም ዝውውር እየታየ። ሲረጋጋ ተመልሳችሁ ተቀመጡ፦ «ትናንት የያዝንህ፣ ሰው እንዳትጎዳ ብለን ነው። ለአንተ እንዴት ነበር?» ይህ ካልተደረገ ግንኙነቱ እዚያው ይሞታል።
- መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዘው ቀጣዩን መድኃኒት አትስጡ፤ ሐኪም ወዲያው ይጠራ።
- ሴት ታካሚን ወንድ ነርስ፣ ወንድን ሴት ነርስ ሲያነጋግር ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ታካሚው ፊት ለአስታማሚው «በላ? ተኛ?» ብሎ መጠየቅ። «እብድ» የሚለውን ቃል ሻይ ቤትም ሆነ ነርሶች ክፍል ውስጥ መጠቀም፤ በር ስስ ነው። የማይሆን ተስፋ መስጠት፦ «ነገ ትወጣለህ።» ቅጹን ለመሙላት ሃያ ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ማዝነብ፤ ቅጹ በሦስት ቀን ቢሞላ ምንም አይጎድልም፤ የደኅንነት ጥያቄዎቹ ብቻ ዛሬውኑ ይጠየቁ። የሚጮኸውን ሲያረጋጉ መዋልና ጥጉ ላይ ጸጥ ብሎ የተኛውን መርሳት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ጸጥ ያለው ሰው ሞትን እያሰበ ሊሆን ይችላልና።

እና ጭራሽ ካልተናገረስ?

መጀመሪያ መስማቱን፣ አማርኛ መቻሉን፣ መድኃኒቱ አፍዝዞት እንዳልሆነ አረጋግጡ። ቀናት ሳይበላ ሳይጠጣ እንደ ሐውልት ደርቆ የቀረ ከሆነ ይህ ራሱ የሚታከም ከባድ ሁኔታ ነውና ለሐኪም አሳውቁ። ይህ ሁሉ ከሌለ በቀጠሯችሁ ሰዓት ሂዱ፣ ወንበሩን አዙሩ፣ «ዛሬም 10 ደቂቃ አብሬህ እቀመጣለሁ፤ መናገር የለብህም» በሉትና ተቀመጡ። አንሶላ እጠፉ፣ ወይም የዳማውን ጠጠር ደርድሩ። ብዙ ሰው ፊት ለፊት ከመነጋገር እጁ ሥራ ላይ ሳለ መናገር ይቀለዋል። ጠጠር ካነሣ ተጫወቱ። 10 ደቂቃው ሲያልቅ «ነገ በ4 ሰዓት እመለሳለሁ» ብላችሁ ተነሡ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ ነገም በ4 ሰዓት ተመለሱ።